ማንም ለማይጫወተው ሰው

ቅዳሜ ማታ፣ ጅማ፣ ኮቺ፣ ከጣሃ እንጨት ቤት ጓሮ፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ከሰኔ ጋር ተማክሮ።
አምስት በርጩማ ከበናል፣ የአንዷ ቫርኒሽ ገና ያልደረቀ፤
መብራት ሄደ፤ ማንም አልተደነቀ።
ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ከዋንዛ ጠርቦ ጣሃ ሠራው፤
ወደ አሥራ አራት ያደላል፤ እንዲያርመው ማንም አልጠራው።

መሪዋ እኔ ነኝ። ኦብሴ፣ ሹክሪያ፣ ሲዲቅ ጀግኖቹን ይዘዋል፤
የቀረው ሕዝብ ሁሉ፣ ፈረስ ሻጩም ሌባውም፣ እኔ አፍ ውስጥ ይውላል።
ለዚህ ሕዝብ ሕግ አለኝ፣ በሰማያዊ ደብተር ለራሴ የጻፍኩት፣
አንዳንዱን ከስሕተት፣ አንዳንዱን ከባጃጅ ወረፋ የለቀምኩት።

ስም ሳትሰጪው እንዳታናግሪው፤ ስም የለሽ ሰው ግድግዳ ነው፣
ይደገፉታል፣ ያልፉታል፤ ግድግዳን ማን ደህና እደር አለው?
ጥንካሬው ስንት፣ ቅልጥፍናው ስንት እያልሽ ገጽ አትሙዪ፤
ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ብቻ እጅሽን ሰደሽ እዪ።
አንዱ የልጁን የወተት ጥርስ፣ አንዱ የማያነበውን ደረሰኝ፣
አንዱ (ይህን በንዴት ነው የጻፍኩት) ሠላሳ ብሬን፣ እስካሁን ያልመለሰልኝ።
ፍላጎት ስጪው፣ ከጀግኖቹ ጉዞ ጋር ዘመድ ያልሆነ፤
ዘንዶው ከተማ ሲያቃጥል እሱ በጥርሱ ሕመም የባከነ።
ድምፅ ማወፈር ይቅርብሽ፤ ጉሮሮሽ እስከ ሰኞ ይቆስላል፤
ይልቅ አንዲት ቃል ስጪው፣ ሲጨንቀው እሷን ይደጋግማል።
ከጀግና በላይ አታድርጊው፣ መድረኩን እንዳይወርስ፤
በሩን ይክፈት፣ ይናገር፣ ዞር ይበል፣ ታሪኩ እንዲደርስ።

ዛሬ ጀግኖቹ አዌቱ ድልድይ ደረሱ። የኔ አዌቱ ጎርፏ ጥቁር፣
ከወዲያ፣ ከቦዬ በኩል፣ ጉማሬ እንደ ሰው ሲናገር።
ድልድይ ዘብ ይፈልጋል። ቸኮልኩ። «ሽማግሌ ነው፣ ካፖርቱ የወዛ፣
ተኝቷል» አልኩ፤ ከሕጌ አንዱንም፣ ስም እንኳ፣ ያልገዛ።
«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሹክሪያ። «አራት» አልኩ እየቸኮልኩ።
ከበሩ በኩል ሳል መጣ፤ ቀና ስል የግቢውን ዘበኛ ተመለከትኩ።
ሁለት ዓመት በሩን ከፍቶልናል፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ በጉም፤
ባትሪውን እናውቃለን፣ ሳሉን እናውቃለን፤ ስሙን ግን ማናችንም።

«ዘብ በአራት ሰዓት አይተኛም» አለ፣ ባርኔጣውን እያራገፈ፤
«እንቅልፍ የሚመጣው በአሥር ነው፣ ብርዱ ጉልበት ላይ ካረፈ።
ያኔም አይተኛም፤ ይቆጥራል። እኔ የቆርቆሮውን ሚስማር እቆጥራለሁ፤
ሁለት መቶ ዘጠና አንድ፤ አንዷ ወልቃለች፣ ለጣሃ ነገ እነግራለሁ እላለሁ።
የናንተስ ሰውዬ ምን ይቆጥራል?»
ዝም አልን። ሻማው ብቻ ተንጣጣ፤
ኦብሴ ያቺን እርጥብ በርጩማ ገፋችለት፤ ተቀመጠ ያለ ጣጣ።

«የሚቆጥረውን ጠይቂው» ብዬ ከሕጎቹ ሥር ጻፍኩ፣ እርሳሴ እየተሰበረ፤
ዳይሱን ሰጠነው፤ በመዳፉ አሞቀው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ መረመረ።
«አሥራ አራት ነው የሚወጣው» አለ ሳይጥለው፤ «ይኸንንስ አውቃለሁ፤
አሥራ አራት እያላችሁ ስትጮኹ ውጪ ሆኜ እሰማለሁ።»

ያኔ ነው ኦብሴ የጠየቀችው፣ ድምጿ ትንሽ እየሰለለ፦
«ለድልድዩ ዘብ ስምዎን ብንሰጠው?»
ሳቀ፣ አንድ ጥርሱ የጎደለ።
«የኔን ተዉት፣ ገና እየሠራሁበት ነው» አለና ባትሪውን አበራ፤
የውጪው በር ተንኳኳ፤ ከዝናቡ ውስጥ አንድ ሰው «ዘበኛ!» ብሎ ተጣራ።

ወጣ። ሱሪው ላይ የጣሃ በርጩማ ክብ እንደ ማኅተም ታትሟል።
ጀግኖቹ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመዋል። ማንም አላለፈም። ዘቡ ይቆጥራል።